ከቶሮንቶ እስከ ሶዶ፦ የሚሲዮን ቤተሰቦች ጉዞና የደቡብ ኢትዮጵያ ምእመናን ድርሻ

ፓርክዴል በቶሮንቶ ከተማ ምዕራባዊ ክፍል በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር የምትገኝ ሰፈር ናት። እስከ 1889 ድረስ ራሷን የቻለች ትንሽ ከተማ ነበረች፤ በዚያው ዓመት ከቶሮንቶ ጋር ተዋሐደች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከቅርብ አሠርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከቲቤት፣ ከካሪቢያን፣ ከምሥራቅ አውሮጳና ከአፍሪካ የመጡ ስደተኞች የመጀመሪያ ማረፊያ በመሆን ትታወቃለች። ይህ ጸሐፊም ከእነዚሁ ስደተኞች አንዱ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቶሮንቶ የስደት መድረሻ ናት። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ሰዎች ከዚህች ከተማ ተነሥተው፣ ዘመድ አዝማዳቸውን ተሰናብተው፣ ወደ አፍሪካ ይሄዱ ነበር። እነርሱ የመሠረቱት ድርጅት ከጊዜ በኋላ በደቡብ ኢትዮጵያ የሕዝብ ታሪክ ውስጥ ሰፊ ስፍራ ይዟል።

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ የዚያን ጉዞ ታሪክ ማስታወስና አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። ቤተሰቡን ይዞ ባሕር ተሻግሮ የሄደ ሚሲዮናዊ በባዕድ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲተክል፣ የተከለው ነገር የሚጸናው በማን ኃይል ነው? የሚሲዮኑ ጸሐፍት መጻሕፍት በአብዛኛው የፈረንጁን መልእክተኛ ጽናት ያወሳሉ። የእኛ ምሁራን ደግሞ ጉዳዩን ባነሡ ቁጥር ሚሲዮኑን የባዕድ መንግሥት እጅ፣ የነባሯ ቤተ ክርስቲያን ተቀናቃኝ አድርገው ማየት ይቀናቸዋል። ሁለቱ አስተያየቶች እርስ በርሳቸው ይቃረኑ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም የታሪኩን ዋና ሰው፣ ማለትም የአገሩን ምእመን፣ ከመድረኩ ጥግ ላይ ያቆሙታል።

የቶሮንቶው ጅማሬ

በ1893 ዋልተር ጋወንስ፣ ቶማስ ኬንትና ሮላንድ ቢንጋም የተባሉ ሦስት ወጣቶች ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተጓዙ። ቢንጋም እንግሊዝ ተወልደው በ1889 ወደ ካናዳ የመጡ፣ ራሳቸውም መጻተኛ የሆኑ ሰው ነበሩ። ለጉዞው ያነሣሧቸው የጋወንስ እናት ወይዘሮ ማርጋሬት ጋወንስ መሆናቸው በድርጅቱ ታሪክ ተመዝግቧል። በዚያን ዘመን አነጋገር «ሱዳን» ማለት ከሰሐራ በረሐ በስተደቡብ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ የተዘረጋው ሰፊ ምድር ነበረ፤ ድርጅቱም ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን (ኤስ አይ ኤም) የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ በሐዘን ተፈጸመ። ጋወንስና ኬንት ወደ መሐል አገር ገብተው በ1894 መጨረሻ በበሽታ ሞቱ፤ ቢንጋም ብቻቸውን ወደ ቶሮንቶ ተመለሱ። በ1900 የተደረገው ሁለተኛ ሙከራም በወባ ምክንያት ከሸፈ። በ1902 ግን በዛሬዋ ናይጄሪያ፣ በፓቲጊ፣ የመጀመሪያው ጣቢያ ተመሠረተ። ቢንጋም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1942 ድረስ፣ ድርጅቱን ከቶሮንቶ ሆነው መሩ።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ጋወንስና ኬንት በሞቱበት በዚያው በ1894 ዓፄ ምኒልክ በወላይታ ላይ ዘምተው ንጉሡን ጦናን ማረኩ፤ ወላይታም በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። ሁለቱን ድርጊቶች የሚያገናኝ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ከ34 ዓመታት በኋላ የቶሮንቶው ድርጅት ሰዎች ሶዶ ሲደርሱ ያገኙት፣ ያ ዘመቻ ያስከተለውን የገባር ሥርዓት ተሸክሞ የሚኖር ሕዝብ ነበረ።

የላምቢ ቤተሰብ

ድርጅቱን ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡት ዶክተር ቶማስ ላምቢ ናቸው። አሜሪካዊው ሐኪም በ1907 በአሜሪካ የዩናይትድ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ተልከው ወደ ሱዳን መጡ። ባለቤታቸውን ሻርሎትን አግብተው ሁለት ልጆች ካፈሩ በኋላ፣ በ1919 ቤተሰባቸውን ይዘው በጋምቤላ በኩል ወደ ምዕራብ ወለጋ፣ ወደ ሳዮ (ደምቢ ዶሎ) ዘለቁ። የአካባቢው ገዥ ሐኪም መፈለጋቸው በሩን ከፍቶላቸው ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያም በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ፈቃድ በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ፣ ሆስፒታል አቋቋሙ።

የመንግሥቱን ጥንቃቄ ለመረዳት የኋላውን ታሪክ ማስታወስ ያሻል። የኢየሱሳውያኑ ሚሲዮን በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን ያስከተለው ደም መፋሰስ፣ በ1632 ዓፄ ፋሲለደስ ተዋሕዶን እንደገና ማወጃቸው፣ ከዚያም የሚሲዮኑ መባረር ከአገሪቱ ትዝታ አልጠፋም። ስለዚህ ነገሥታቱ ከፈረንጅ መምህር ይልቅ ፈረንጅ ሐኪምን ወይም የእጅ ባለሙያን ይመርጡ ነበር። ላምቢ ይህን ጠንቅቀው ያወቁ ይመስላል፤ የሄዱበትን በር ሁሉ ያስከፈተላቸው ሕክምናቸው ነው።

ላምቢ በ1927 ከአልፍሬድ በክስተንና ከጆርጅ ሮድ ጋር ሆነው የአቢሲኒያ ድንበሮች ሚሲዮን የተባለ ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩም ብዙም ሳይቆይ ከቶሮንቶው ድርጅት ጋር ተዋሐደ። በ1928 ቡድኑ በበቅሎ ወደ ደቡብ ተጓዘ። የመጀመሪያ ሐሳባቸው ጅማ መግባት ነበር፤ ግን አልሆነላቸውም። በምትኩ በሆሳዕና፣ በሶዶና በሲዳሞ ጣቢያ አቋቋሙ። ላምቢ በ1934 የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። በ1935 የኢጣልያ ወረራ ሲመጣም የአዲሱ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ዋና ጸሐፊ ሆነው አገለገሉ። ከወረራው በኋላ አገሪቱን ለቀው ወጡ፤ በ1954 በኢየሩሳሌም አረፉ። ዜግነቱን ለውጦ ልጆቹን በሰው አገር ያሳደገ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ የዚህ መጽሔት አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ቀድሞ የተዘጋጀው ምድር

ሚሲዮናውያኑ ሶዶ ሲደርሱ ሕዝቡ ስለ አንድ አምላክ ምንም ያልሰማ አልነበረም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት በአካባቢው ነበሩ፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ገባር እነዚህን የሚያያቸው የገዥዎቹና የነፍጠኞቹ ቤተ ጸሎት አድርጎ ነበር። ከዚህም ሌላ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኢሳ ላሌ የሚባሉ የጋሞ ተወላጅ፣ ሕዝቡ የቀደመ አምልኮውን ትቶ ወደ ሰማዩ አምላክ ወደ ጦሳ ብቻ እንዲጸልይ እየዞሩ ሰብከዋል። ሚሲዮናውያኑ ወንጌሉን በወላይትኛ ሲተረጉሙ ለእግዚአብሔር የተጠቀሙበት ስም ይኸው ጦሳ ነው። እንግዳው ዘሩን ይዞ መጣ ብንል እንኳ፣ እርሻውን ያለሰለሰው የአገሩ ሰው መሆኑን መካድ አይቻልም።

ያም ሆኖ ፍሬው ቶሎ አልታየም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት የወላይታ ምእመናን የተጠመቁት በ1933 ነበር። በ1936 ቶም ዴቨርስና ክሊፍ ሚቸል የተባሉ ሁለት ሚሲዮናውያን በመንገድ ላይ ተገደሉ። በ1937 የኢጣልያ ባለ ሥልጣኖች የቀሩትን ከሶዶ ሲያስወጡ፣ በወላይታ የተጠመቁት ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። ለንባብ የቀረላቸውም የማርቆስን ወንጌል የመሰሉ ጥቂት ትርጉሞች ናቸው። ለዘጠኝ ዓመታት የደከመው ቡድን ሥራው እንዳበቃለት ቢያስብ አይፈረድበትም።

የአምስቱ ዓመታት ምስክርነት

ከ1937 እስከ 1942 በወላይታ የሆነው ነገር በአፍሪካ የክርስትና ታሪክ ውስጥ ከሚደነቁት ምዕራፎች አንዱ ነው። ሚሲዮናውያን በሌሉበት ምእመናኑ ሽማግሌዎችን መረጡ፣ ወንጌላውያንን ላኩ፣ ጎጆ ጸሎት ቤቶችን ሠሩ። የኢጣልያ ሹማምንት ጸሎት ቤቶቹን አስፈረሱ፤ መሪዎቹንም አስረው አስገረፉ። ዋንዳሮ ዳባሮና ጦሮ ዱቡሾ መከራውን ከተቀበሉት መካከል ናቸው። እስረኞቹን ቀለብ እያቀበሉ ያቆዩአቸው የገዛ ወገኖቻቸው ነበሩ። ነጻነት ተመልሶ የሚሲዮኑ ሰዎች እንደገና ሲደርሱ፣ የምእመናኑ ቁጥር 10,000 ያህል እንደ ደረሰ ገመቱ።

ለዚህ መስፋፋት ምክንያቱ ምንድን ነው? ሚሲዮኑ የተለየ ጥበብ ስለ ነበረው ነው የሚለው መልስ አጥጋቢ አይደለም፤ ሚሲዮኑ በቦታው አልነበረምና። ሦስት ምክንያቶችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ ምእመናኑ በራሳቸው ቋንቋ ይጸልዩና ይሰብኩ ነበር። ሁለተኛ፣ አስተዳደሩ በአካባቢው የሽማግሌ ሥርዓት ላይ የቆመ ስለ ነበር ከውጭ የሚመጣ ገንዘብም ሆነ ሹመት አያስፈልገውም ነበር። ሦስተኛ፣ ሃይማኖቱ ከፈረንጅም ከገዥም እጅ ወጥቶ የራሳቸው ሆኗል። የሚሲዮናውያኑ መባረር ለሦስተኛው ምክንያት ሳይፈለግ በር ከፈተ።

የአገር ውስጥ መልእክተኞች

ቤተሰብን ይዞ ወደ ማያውቁት አገር ለስብከት መሄድ የፈረንጅ ሥራ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እንዲያውም ከላምቢ በፊት ቀድሞ የታየ ነው። የሐማሴኑ ተወላጅ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ከባለቤታቸው ከጉሜሽ ወልደ ሚካኤል ጋር በ1898 ወለጋ፣ ቦጂ፣ ደርሰው ሥራ ጀመሩ፤ በ1905 በእሳት አደጋ እዚያው አረፉ። ኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ለኅትመት ያበቁት ኦኔሲሞስ ነሲብም በ1904 ወደዚያው መጡ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የወላይታ ወንጌላውያን ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን አስከትለው፣ በእግር ተጉዘው፣ በጋሞ፣ በጎፋና በአሪ ሰፈሩ። ቋንቋ ተማሩ፣ መሬት አርሰው በሉ፣ ልጅ ቀበሩ። የፈረንጁ ቤተሰብ ልጆቹን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ነበረው፤ በ1946 አዲስ አበባ የተከፈተው ቢንጋም አካዳሚ ስሙን ያገኘው ከቶሮንቶው መሥራች ነው። የወላይታው ወንጌላዊ ልጆች ግን ይህን የመሰለ መጠጊያ አልነበራቸውም። የእናቶቻቸው ስም እንኳ በአብዛኛው አልተጻፈም።

መንግሥት በ1944 ባወጣው ደንብ የኦርቶዶክስ ምእመናን የሚበዙባቸውን አውራጃዎች ለሚሲዮኖች ስብከት ዘጋ፤ ሌሎቹን ክፍት አደረገ፤ የማስተማሪያ ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ደንቡ የተጻፈው የውጭ ሰዎችን ለመቈጣጠር ነው። ከወላይታ ተነሥቶ ወደ አሪ የሚሄደው ገበሬ ግን በደንቡ አእምሮ ውስጥ አልነበረም። ኋላ ቃለ ሕይወት ተብላ የተሰየመችው ቤተ ክርስቲያን በአገሪቱ ካሉት ታላላቅ የወንጌላውያን ማኅበራት አንዷ ለመሆን የበቃችው በእንዲህ ያሉ ሰዎች እግር ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው የታሪክ አጻጻፋችንን ይመለከታል። የደቡቡን ሕዝብ ታሪክ በሚሲዮን መዛግብትና በመንግሥት ደብዳቤ ብቻ ከጻፍነው፣ ገባሩ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ይሰኛል። የአምስቱን ዓመታት መከራ በዓይናቸው ያዩት አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ከእነርሱ የሰሙት ልጆችም አርጅተዋል። ትረካቸውን በወላይትኛ፣ በጋሞኛና በአሪኛ መቅዳት፣ በተለይም የሴቶቹን፣ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው የስደት ኑሮአችንን ይመለከታል። እኛም በቶሮንቶ የተዋሕዶ አጥቢያዎችን፣ የወንጌላውያን ጉባኤዎችን፣ ማኅበራትንና እድሮችን መሥርተናል። በኪራይ አዳራሽ ጀምረን ሕንፃ እስከ መግዛት የደረስንም አለን። የወላይታ ምእመናን ታሪክ እንደሚያሳየው መሥራቾች በሌሉበት የሚጸናው፣ ተረካቢው በራሱ አንደበት የሚናገረውና በራሱ ሽማግሌዎች የሚያስተዳድረው ነገር ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን የምንሰጣቸውን በምን ቋንቋና በማን ውሳኔ ይረከቡት የሚለው ጥያቄ በየጉባኤው ሊነሣና በቶሎ ሊመከርበት ይገባል።