ስለ አራቱ ወቅቶችና ስለ ከተማችን አየር

ኢዮቤልዩ የዓመታት ቍጥር ነው፤ ዓመትም ከአራት ወቅቶች የተሠራ ነው። ስለዚህ የልደታ ደብር በዓሏን ስታከብር፥ ዓመታቱን ስላፈራረቀልን አምላክ ቸርነትና የከተማችን አየር ስላሳለፈው ታሪክ ጥቂት መጻፍ የተገባ ነው።

አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ከፍለውታል። ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። ሦስቱ እያንዳንዳቸው 90 ቀን ሲሆኑ፥ ክረምት ጳጉሜንን ስለሚይዝ 95፥ በዘመነ ሉቃስም 96 ይሆናል። ዛሬ ብዙ ሰው ጸደይ የሚለው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን ወራት ነው፤ በመጽሐፍ ግን ያ መጸው ነው፥ ጸደይም በልግ የምንለው ነው። ልጆቻችን ይህን ለይተው ቢያውቁ ይጠቀማሉ።

በሰሜን አገሮች ወቅትን ከወቅት የሚለየው ብርድና ሙቀት ነው፤ በእኛ አገር ግን ዝናብና ፀሓይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9ኛው ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ቀኗና ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ እጅግም አይበላለጥም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ በማለቷም ሐሩር አያገኛት፤ 1,000 ሜትር በወጡ ቍጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና። የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢቈረቍርም፥ ቀትር ሲሆን ነጠላ ይበቃል።

ይህ አየር ለከተማዪቱ መቈርቈር አንዱ ምክንያት ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ አስቀድመው የተቀመጡበት እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቦታው ለጥበቃ ቢመችም ነፋሱና ብርዱ የጸና፥ ማገዶውም የራቀ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ግን ወደ ፍል ውሃ ወርደው የቈላማውን መስክ ልዝብነት ወደዱ፤ ቤትም አሠሩ፥ በ1879 ዓ.ም. ከተማዪቱ አዲስ አበባ ተባለች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ገና በእንጦጦ ማርያም ነው፤ ኋላ ግን መንግሥቱ ጠቅልሎ ወረደ።

ነገር ግን መልካም አየር ብቻውን ከተማን አያጸናም። ሕዝቡ በዛ፥ ዛፉም ተቈርጦ አለቀ፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋናው ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በቅሎ ማገዶና ማገር ባይሆን ኖሮ አዲስ አበባ ባልጸናችም ነበር። አየሩ ሰውን ጠራ፥ ዛፉ ሰውን አኖረ።

ከፍታው ጸጋ እንደ ሆነ ሁሉ ወሰንም አለው። በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖቹን ያስነሣ የነበረው ከልደታ ሜዳ ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይሻል፤ የልደታውም ለታላላቆቹ ጄቶች አልበቃም። ስለዚህ በ1950ዎቹ ዓመታት ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ።

የደብራችን በዓል ግንቦት 1 ቀን በጸደይ ይውላል። እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ ተወለደች በማለት ሕዝቡ ከደጅ ወጥቶ ንፍሮ ቀቅሎ፥ ዳቦ ቈርሶ፥ ቡና አፍልቶ ጎረቤቱን ይጠራል። የተራራዪቱ በዓል በተራራ ከተማ ከቤት ውጭ መከበሯ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ያ የበልግ ዝናብ ለእኛ የበዓል ማለዘቢያ ሲሆን፥ በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ ላለው ገበሬ የዓመት እንጀራ ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ጽኑ ረኃብ ዘመን የበልጉም የክረምቱም ዝናብ እንደ ጐደለ አንዘነጋም። ስለዚህ ንፍሮውን ስንዘግን፥ ዝናብ የቀረበትን ወገን በጸሎትም በምጽዋትም ልናስብ ይገባል።

በ2000ዎቹ ዓመታት አሮጌዎቹ የልደታ ሠፈሮች ፈርሰው ፎቆች ተሠሩ። ብዙ ሰው የተሻለ ቤት አገኘ፥ ብዙውም ከጎረቤቱ ተለየ። ድንጋይና ሲሚንቶ ግን የቀኑን ፀሓይ ይዞ ሌሊት ስለሚያወጣ፥ ዛፍ የሌለበት ሠፈር ይሞቃል። በአገራችን ጽዱና ወይራው ከመጥረቢያ ተርፎ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ነው፤ ይህም አባቶች ያቆዩልን አደራ ነው።

እንግዲህ ካህናትና ምእመናን ሆይ፥ በዚህ ኢዮቤልዩ እያንዳንዱ ቤት በሰኔ አንድ አገር በቀል ችግኝ ይትከል፤ መትከል ብቻም አይደለም፥ ሐጋይ ሲገባ ውሃ ያጠጣው። የሚቀጥለውን ኢዮቤልዩ የሚያከብሩት ልጆቻችን ከጥላው ሥር ተቀምጠው ንፍሮ ይዘግኑበታል። ወቅቶችን የሚያፈራርቅ አምላክ ዘመኑን የሰላም፥ ዝናቡንም የበረከት ያድርግልን። አሜን።