ጋሪና ካሜራ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

በኢትዮጵያ ታሪክ ፈረስ የከበረ ስፍራ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ የነበሩት በፈረስ ስማቸው ነው። የጦር ፈረስ ስሙን ለጌታው አውሶ ከታሪክ መጽሐፍ ሲገባ፣ በርበሬና በቆሎ፣ ሕሙምና መንገደኛ ጭኖ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጎዳና ላይ ዕድሜውን የፈጀው የጋሪ ፈረስ ግን ስሙም መልኩም ሳይመዘገብ አልፏል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ሊመረመር የሚገባው ነው።

የካሜራ ዐይን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ያረፈው በጦርነትና በቤተ መንግሥት ላይ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዞ መጥቶ ነበር። ኋላም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በፎቶግራፍ አንሺነት አገልግሏል፤ ልጆቹም የአባታቸውን ሙያ ወርሰዋል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ፣ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ዊልሄልም የነበረው ሠረገላ ለበዓሉ ቀርቦ፣ ከውጭ አገር የመጡ ጋዜጠኞችና ፎቶግራፍ አንሺዎች የበዓሉን ወሬና ሥዕል በዓለም አሠራጭተዋል። በፈረስ የሚሳብ ተሽከርካሪ በኢትዮጵያ የፎቶግራፍ መዝገብ ጎልቶ የሚታየው እንዲህ በክብር አሸብርቆ ነው።

ሠርቶ አደሩ ሕዝብ የተገለገለበት ጋሪ ሌላ ታሪክ አለው። ቃሉ ራሱ ከአገር አገር የተጓዘ ነው፤ በሕንድ ቋንቋዎች በመንኰራኵር የሚሄድ ማጓጓዣን ሲያመለክት፣ በስዋሂሊ ደግሞ መኪና ማለት ነው። ጋሪ ደልዳላ መንገድና ጠንካራ ጎማ ይሻል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተጀመረው የመንገድ ሥራና በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሥራ የመጀመሪያውን ሲያሟሉ፣ ሁለተኛውን ያሟላው የአገሬው ባለሙያ ነው። ከመኪና የተረፈውን ጎማ ከአናጢው እንጨትና ከብረት ሠራተኛው ብየዳ ጋር አዋሕዶ፣ ፈረሱን በሁለት ዘንጎች መካከል አቁሞ፣ ልጓሙንና ዛቡን አስተካክሎ ለኑሮው የሚበቃውን ተሽከርካሪ ፈጠረ።

ይህ ፈጠራ በምዕራብ ጎጃም አመቺ ስፍራ አገኘ። ቡሬ ከጥንት ጀምሮ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ የሚያልፈው የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ነበረች፤ የነቀምቴው መንገድ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር መንገድ ጋር የሚገናኘውም በዚያው ነው። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ አዲሱን ስሟን ያገኘችው ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ተመልሰው በዚያ ሲያልፉ እንደሆነ ይነገራል። የዚያን ጊዜ ከሱዳን ጠረፍ ተነሥቶ በጎጃም ያለፈው ጦር ጓዙን ያጓጓዘው በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ሲሆን፣ አብዛኞቹ በመንገድ አልቀዋል። ዘመቻው በፎቶግራፍ ተመዝግቧል። ከድሉ በኋላ ከተሞቹ ሲያድጉ የገበያውን እህልና የቤቱን ውሃ ያመላለሰው ጋሪ ግን ያን የመሰለ መዝጋቢ አላገኘም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የፎቶግራፍ አነሣሥ ልማድ ነው። ካሜራ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሲደርስ ማደሪያው ፎቶ ቤት ነበር። ባለጉዳዩ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ጠጕሩን አበጥሮ፣ በቀለም በተሣለ መጋረጃ ፊት ይቆማል። ባለጋሪውም ቢሆን መልኩን ለማስቀረት ሲገባ አለንጋውን ከደጅ ያኖራል፤ ፈረሱም ከውጭ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሥዕሉ ለቤተሰቡ የከበረ ቅርስ ነው። ይሁንና ሰውየው እንጀራውን የጋገረበት ሙያ ከሥዕሉ ውጭ ቀርቷል።

ከፎቶ ቤት ወጥቶ በገበያ ቀን በመንገድ ዳር የቆመ ካሜራ ብዙ ነገር ያስቀራል። በጋሪው ላይ የተቆለለው ጆንያ በርበሬ የአካባቢውን የምርት ባሕርይ ይናገራል፤ የጎማው ብልት የመለዋወጫውን እጥረት፣ የባለጋሪው ቁምጣና ጋቢ የጎጃምን አለባበስ፣ ከኋላ የሚታየው የሣር ወይም የቆርቆሮ ክዳን የከተማውን ዕድገት ያሳያል። እንስራ በጄሪካን የተተካበትን ዘመን፣ ከባንጃ በኩል የሚመጣው የቀርቀሃ ሥራ በመንገድ ዳር የተደረደረበትን ሁኔታ እንዲህ ያለ ሥዕል ይመሰክራል። ፎቶግራፍ አንሺው ልብ ያላለውን ነገር ካሜራው ይዞት ይገኛል።

ሥዕሉ የሚመሰክረው ውበትን ብቻ አይደለም። የጋሪ ፈረስን ቆዳ በቁስል የሚያበላሽና ከፈንገስ የሚመጣ በሽታ አለ። በሽታው በኢትዮጵያ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባላቸው ሞቃትና እርጥበት አዘል ቦታዎች እንደሚበረታ የእንስሳት ሐኪሞች መርምረዋል፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬም በዚሁ ከፍታ ውስጥ ናቸው። ፈረሱ ሲወድቅ የባለጋሪው ቤት ዕለታዊ ገቢ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ የፈረሱን ትከሻ፣ የዕቃውን መጠንና የጫናውን ክብደት በታማኝነት የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለሐኪሙም፣ ለአስተዳዳሪውም የሚጠቅም ማስረጃ ነው።

በአጎራባቹ አዊ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ ያጌጡትን ፈረሶች በርካታ ካሜራዎች ይከቧቸዋል። ይህ የሚገባ ክብር ነው። ያው ካሜራ በማግሥቱ ወደ ገበያው ቢመለስና ያላጌጠውንም ፈረስ ቢያነሣ የአካባቢው የፈረስ ታሪክ ሙሉ ይሆናል።

ጊዜው ደግሞ እያጠረ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ባለሦስት እግሩ ባጃጅ በየከተማው ሲስፋፋ፣ ጋሪ በብዙ ቦታ ከዋናው አስፋልት ወደ ጎን መንገድ ተገፍቷል። በሌላ በኩል የዕለት ኑሮ ፎቶግራፍ ዋጋ እየታወቀ መጥቷል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 የተነሡትን የኢትዮጵያ ፎቶግራፎች አሰባስቧል። በ2003 ዓ.ም. በአይዳ ሙሉነህ የተጀመረው የአዲስ ፎቶ ፌስት ለአገሪቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች መድረክ ከፍቷል። በአዲስ አበባ ወጣቶች ከየቤተሰቡ አልበም የሰበሰቧቸው የቀድሞ ዘመን ሥዕሎችም እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ ወጥተዋል።

ይኸው ተግባር በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሚከናወነው በአካባቢው ሰዎች እጅ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን አሰማርቶ የየቤቱን ሥዕል ሊያሰባስብ፣ ካድሬው ለመዝገቡ ስፍራ ሊያስገኝ፣ ከያኒው በብርሃንና በጥላ ሊያሳምረው ይችላል። ከሁሉ በላይ በሥዕሉ ጀርባ የሚጻፈው ቃል ወሳኝ ነው። ባለጋሪው ሲፈቅድ ስሙ፣ የፈረሱም መጠሪያ፣ ቀኑ፣ መንገዱና የተጫነው ነገር ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ ሥዕሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማይታወቅ ሰውና የማይታወቅ ፈረስ ሆኖ ይቀራል። ከተማውን ጆንያ በጆንያ የገነባው ፈረስ፣ እንደ አባ ታጠቅ ሁሉ፣ በስሙ ሊታወስ ይገባዋል።