በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ባንኪንግና ፋይናንስ መማር፡- መንገዱና መታጠፊያዎቹ

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከዘመድ ወዳጅ ከሚሰሟቸው ምክሮች አንዱ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግባ» የሚለው ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ችግሩ መካሪው አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ፕሮግራም፣ ለምን ዓላማ የሚለውን ሳይጨምር መቅረቱ ነው። ባንኪንግና ፋይናንስ ለማጥናት ላሰበ ሰው ይህ ያልተጨመረው ነገር የሁለት ዓመት ድካምና የብዙ ሺህ ዶላር ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በአብዛኛው በመንግሥት በጀት የሚደገፍ፣ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥና የመግቢያ በሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ተቋም ነው። የመጀመሪያው የሕዝብ ኮሌጅ እ.ኤ.አ በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ የተከፈተ ሲሆን፣ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚለው መጠሪያ በስፋት የታወቀው ግን ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ1947 ባወጣው ሪፖርት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖረው ወገናችን በይበልጥ የሚያውቃቸው በሜሪላንድ የሚገኘውን ሞንትጎመሪ ኮሌጅንና በቨርጂኒያ የሚገኘውን ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን (በተለምዶ «ኖቫ» የሚባለውን) ነው።

ብዙ ሰው የሚመርጣቸው በዋጋቸው ነው። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ባወጣው አኀዝ መሠረት እ.ኤ.አ በ2024-25 የትምህርት ዘመን የአካባቢው ነዋሪ የሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በአማካይ 4,050 ዶላር ሲጠየቅ፣ በአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የግዛቱ ነዋሪ የሚጠየቀው 11,610 ዶላር ነበር። እዚህ ላይ «ነዋሪ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ክብደት አላት። በሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለሌላ ካውንቲ ነዋሪና ከግዛቱ ውጭ ለመጣ ሰው የሚከፈለው ዋጋ ለየቅል ነው። በቨርጂኒያ ደግሞ የነዋሪነት ዋጋ ለማግኘት በአጠቃላይ አንድ ዓመት በግዛቱ ኑሮን መሥርቶ መቆየት ይጠይቃል። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ቤት ለመቀየር የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያሰላ ይጠቀማል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ኮሌጆቹ በሁለት ዓመት፣ ወደ 60 ክሬዲት በሚጠጋ ትምህርት የሚሰጡት ማስረጃ «አሶሼት ዲግሪ» ይባላል። ይሁን እንጂ አሶሼት ዲግሪ ሁሉ አንድ አይደለም። «ኤ.ኤ» እና «ኤ.ኤስ» የሚባሉት ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ሦስተኛ ዓመት እንዲጀምር ታስበው የተዘጋጁ ናቸው። «ኤ.ኤ.ኤስ» የሚባለው ግን በቀጥታ ለሥራ የሚያዘጋጅ ነው። አንዲት ፊደል ብቻ ስለምትጨመርበት ሳያስተውሉት የሚያልፉ ብዙዎች ናቸው። «ባንኪንግ» የሚል ስም የያዘ የሁለት ዓመት ፕሮግራም ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በዚህ በሦስተኛው ዓይነት ውስጥ ነው።

የሒሳብ ትምህርቱን ብቻ እንኳ ብንወስድ፣ ለሥራ በሚያዘጋጀው ፕሮግራም ተማሪው የንግድ ሒሳብ ተምሮ ሊያልፍ ይችላል። የዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ፋኩልቲ ግን በአመዛኙ ስታቲስቲክስና ካልኩለስ ይጠይቃል። ስለሆነም በባንኪንግ አሶሼት የተመረቀ ሰው ባችለር ዲግሪውን ልቀጥል ሲል ከወሰዳቸው ኮርሶች ከፊሎቹ «ነፃ ምርጫ» ተብለው ይመዘገቡለታል፣ ከፊሎቹም ጭራሹን አይያዙለትም። የአሜሪካ ኮንግረስ የቁጥጥር ተቋም የሆነው ጂኤኦ እ.ኤ.አ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ እ.ኤ.አ ከ2004 እስከ 2009 ከአንድ የትምህርት ተቋም ወደ ሌላ የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። አኀዙ ሁሉንም ዓይነት ዝውውር የሚያካትት ቢሆንም መልእክቱ ግልጽ ነው።

«ታዲያ ባንክ ቤት ልቀጠርበት እንጂ መቼ ዩኒቨርሲቲ አማረኝ» የሚል አይጠፋም። ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢም የሚነገር አለ። በባንክ መስኮት የሚቀመጠው ቴለር ለመቀጠር በተለምዶ የሚጠየቀው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያና አጭር የሥራ ላይ ሥልጠና ነው። ለዚህ ሥራ ሁለት ዓመት መማር ግዴታ አይደለም ማለት ነው። የብድር ኦፊሰርና የፋይናንስ ተንታኝ ሥራዎች ደግሞ በአብዛኛው ባችለር ዲግሪ ይፈልጋሉ። የባንኪንግ አሶሼት መሐል ላይ የቆመ ነው። በዚያ ላይ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የቴለሮች ቁጥር በአሥር ዓመት ውስጥ ከአሥር በመቶ በላይ እንደሚቀንስ ተንብዩዋል። ምክንያቱ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው።

ይህ ሲባል ግን ትምህርቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚሰጡት የአካውንቲንግ ሁለት ኮርሶች፣ ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስ፣ የንግድ ሕግ፣ የገንዘብና ባንክ መግቢያ ለየትኛውም የፋይናንስ ሰው መሠረት ናቸው። እ.ኤ.አ በመጋቢት 2023 የሲሊከን ቫሊ ባንክ ለምን እንደወደቀ ለመረዳት የወለድ መጠን ሲጨምር የቦንድ ዋጋ ለምን እንደሚወርድ ማወቅ ግድ ይላል፤ ይህም በመግቢያው ኮርስ የሚገኝ ዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ በ1970 የወጣው የባንክ ምስጢራዊነት ሕግ ስሙ እንደሚያስመስለው ምስጢር የሚጠብቅ ሳይሆን፣ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ የጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴን ባንኩ ሪፖርት እንዲያደርግ የሚያስገድድ መሆኑም እንዲሁ። ዛሬ ባንኮች ሕገወጥ የገንዘብ ዝውውርን የሚከታተሉ የቁጥጥር ሠራተኞች ያስፈልጓቸዋል፤ የመስኮት ሥራ ቢቀንስም ይህኛው ክፍል ግን ትኩረት የሚሰጠው ነው።

በዚህ ጸሐፊ እምነት የተሻለው መንገድ ሁለቱን ማጣመር ነው። «ቢዝነስ» በሚል ስም የሚሰጠውን የዝውውር አሶሼት መርጦ መመዝገብ፣ ጎን ለጎንም ባንክ ውስጥ በቴለርነት መሥራት። ብዙ ትላልቅ ባንኮች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ ድጋፍ ያደርጋሉ፤ የአሜሪካ የግብር ሕግም አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነፃ ሆኖ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ዝውውሩን በተመለከተ ኖቫ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ በ2018 የጀመረው «አድቫንስ» የተሰኘ ፕሮግራም ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚወስዳቸውን ኮርሶች እስከ ባችለሩ ድረስ ይዘረዝርለታል። ሌላ ኮሌጅ የሚገባ ሰው ተመሳሳይ የስምምነት ሰነድ መኖሩን ከመመዝገቡ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ። የቃል ተስፋ ሬጅስትራር ዘንድ አያገለግልም።

ከአገር ቤት ዲግሪ ይዘው ለሚሄዱ ሰዎች ደግሞ አንድ ብዙ ጊዜ የማይነገር ጉዳይ አለ። ፔል ግራንት የተባለው የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ እ.ኤ.አ በ2024-25 እስከ 7,395 ዶላር ይደርስ ነበር፤ ግሪን ካርድ ያለውና ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ሊያገኘው ይችላል። ነገር ግን ባችለር ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው ከአዲስ አበባም ይሁን ከመቀሌ ለውጥ የለውም። «ዲግሪህን አትናገር» የሚል ምክር የሚሰጡ አሉ፤ በፌዴራል ቅጽ ላይ ሐሰት መሙላት ወንጀል መሆኑን ግን አይናገሩም። ማታለል ነክ ጥፋት ደግሞ ዋስትና ባለው ባንክ ውስጥ ከመሥራት ሊያሳግድ ስለሚችል፣ ለባንክ ሥራ የሚማር ሰው ከማንም በላይ ሊጠነቀቅበት ይገባል። በአካውንቲንግ ወይም በማኔጅመንት የተመረቀ ሰው ከባዶ ከመጀመር ይልቅ ዲግሪውን ኮርስ በኮርስ አስገምግሞ የጎደሉትን ጥቂት ኮርሶች ብቻ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቢወስድ፣ ወይም በቀጥታ ወደ ማስተርስ ቢያመለክት ያዋጣዋል።

ለግምገማው ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ የሚላክ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል፤ በእጅ የያዙት የተማሪ ቅጂ አይበቃም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰውም የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳያጠናቅቅ ማስረጃውን ማውጣት ስለሚቸገር፣ ይህን ጉዳይ ከመሳፈሩ በፊት ቢጨርሰው ባሕር ማዶ ሆኖ ወኪል ከመፈለግ ይድናል።