የቦምባይ ባቡሮች፦ መስመሩ ሲረዝም፣ ከተማው ሲከተል

የቦምባይ ስም ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1867 መገባደጃ ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት በሮበርት ናፒየር አዛዥነት የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ዋና ክፍል የተሰናዳው በዚህ የህንድ ወደብ ነበር። ጦሩ ዙላ ላይ ከወረደ በኋላ ስንቅና መሣሪያ እስከ ተራራው ግርጌ የሚያመላልስበት አጭር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ሐዲዱም በመርከብ የመጣው ከህንድ ነበር። በ1868 ጦሩ ከመቅደላ ሲመለስ ሐዲዱም ተነቀለ። ከዘመቻው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል 1867፣ በራሷ በቦምባይ የተጀመረው አገልግሎት ግን ዛሬም አለ። ይህም በስተሰሜን ከምትገኘው ከቪራር ወደ ከተማው በቀን አንድ ጊዜ ደርሶ መልስ የሚጓዝ የመንገደኞች ባቡር ነበር።

ከ1995 ወዲህ ሙምባይ ተብላ የምትጠራው ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ወደ ባሕር በገባ ጠባብ መሬት ላይ ነው። ወደቡ፣ ባንኩና መሥሪያ ቤቱ በደቡቡ ጫፍ ስለተከማቹና ሦስቱ አቅጣጫዎች በውኃ ስለተከበቡ ለማደግ የቀራት መንገድ ወደ ሰሜን ብቻ ነበር። በህንድ የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር ኤፕሪል 16 ቀን 1853 በ14 ፉርጎዎች 400 ያህል እንግዶችን ጭኖ ከቦሪ በንደር እስከ ታኔ 34 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የከተማዋ የወደፊት ቅርጽ አብሮ ተነደፈ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ኩባንያዎች፣ አንዱ በምሥራቅ ሌላው በምዕራብ በኩል፣ ሐዲዳቸውን ጎን ለጎን ወደ ሰሜን ዘረጉ።

በዚያ ዘመን የጥጥ ፋብሪካው ሠራተኛ የሚኖረው ከፋብሪካው አጠገብ ነበር። አንድ ክፍል ለብዙ ሰው የሚከራይባቸው ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ይሞሉ ነበር። በ1896 የገባው ቸነፈር በነዚህ ሰፈሮች ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ በ1898ም ከተማውን የሚያሻሽል ልዩ ባለአደራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሕዝቡን ከተጨናነቀው መሀል አውጥቶ በሰፊው ሰሜን የማስፈር ሐሳብ እየጎላ መጣ። ይህ ሊሆን የሚችለው ግን ሠራተኛው ጠዋት በሰዓቱ ደርሶ ማታ ቤቱ የሚመለስበት መጓጓዣ ሲያገኝ ብቻ ነበር።

የእንፋሎት ባቡር ለዚህ ተግባር አልተመቸም። በየአንድና ሁለት ኪሎ ሜትሩ እየቆመ ሲነሣ ፍጥነት ለማግኘት ብዙ ጊዜ ይወስድበታል። መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ ሞተሩ ተፈትቶ በሌላው ጫፍ መቀጠል፣ ውኃና ከሰል መሙላት አለበት፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ሐዲዱ ተይዞ ይቆያል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር ሞተሩ ከፉርጎው ሥር ስለሆነና በሁለቱም ጫፍ የነጂ ክፍል ስላለው ነጂው ከአንዱ ጫፍ ወርዶ በሌላው ሲገባ ወዲያው ሊመለስ ይችላል። በዚያው ሐዲድ ላይ በሰዓት የሚሄዱትን ባቡሮች ቁጥር ለመጨመር ያስቻለውም ይህ ነው።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1925 የቦምባይ ገዥ ሰር ሌስሊ ዊልሰን በተገኙበት የህንድ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ባቡር ከቪክቶሪያ ተርሚነስ ተነሥቶ እስከ ኩርላ ተጓዘ። በሽቦው ላይ የሚፈሰው ኃይል 1500 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነበር። ታታ የተባለው የህንዳውያን ኩባንያ ከተራሮቹ የሚወርደውን የዝናም ውኃ በግድብ አቁሮ ከ1915 ጀምሮ ለቦምባይ ኤሌክትሪክ ያቀርብ ስለነበር ለዕቅዱ መሠረቱ ቀድሞ ተጥሎ ነበር። በምዕራቡ መስመር ሽቦው በ1928 ቦሪቪሊ፣ በ1936 ደግሞ ቪራር ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነው መሐንዲሶቹ ካሰቡት በላይ ነው። ሽቦው በደረሰበት ሁሉ በየጣቢያው ዙሪያ ከተማ በቀለ። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ከሲንድ የተሰደዱት ሰዎች በካልያን አጠገብ በነበረው ወታደራዊ ካምፕ ሰፈሩ፤ ካምፑም ኡልሃስናጋር የተባለ ከተማ ሆነ። በ1982 ከተደረገው ታላቁ የፋብሪካ ሠራተኞች የሥራ ማቆም በኋላ ደግሞ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘግተው መሬታቸው ለቢሮና ለውድ መኖሪያ ዋለ። በመሀል ከተማ ቤት የመከራየት አቅም ያጣው ወደ መስመሩ ጫፍ ተገፋ። በ1925 ጭንቅንቅን ያቃልላል የተባለው ባቡር እንዲህ ሆኖ ጭንቅንቁን ራሱ ተሸከመው።

ከወሽመጡ ማዶ የተቆረቆረው አዲሱ ከተማ፣ ናቪ ሙምባይ፣ ለዚህ ሌላ ምስክር ነው። የከተማው ልማት ድርጅት የተቋቋመው በ1970 ሲሆን ባቡሩ ወሽመጡን ተሻግሮ ቫሺ የደረሰው በ1992 ነው። ባቡር ያልነበረባቸው ዓመታት ለከተማው የዝግታ ዓመታት ነበሩ። በመጨረሻ ለመስመሮቹ ከወጣው ገንዘብ ሁለት ሦስተኛውን የሸፈነው የልማት ድርጅቱ ነው፤ ገንዘቡንም ያገኘው ከመሬት ሽያጭ ነበር። ባቡር የመሬትን ዋጋ ከፍ ካደረገ፣ ከዚያ ጥቅም የተወሰነው ወደ ባቡሩ መመለሱ ፍትሐዊ አሠራር ነው።

ነባሩን መስመር ማስፋት ግን ይህን ያህል ቀላል አልነበረም። ከሐዲዱ ጥቂት ሜትር ርቀው በቆርቆሮና በሸራ ጎጆ የሚኖሩ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች ነበሩ። በ2002 በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረው የማስፋፊያ ሥራ፣ መንገዱን ጨምሮ፣ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎችን አስነሣ። የሐዲድ ዳር ነዋሪዎች ማኅበራት ቤቶቹን ራሳቸው ቆጥረው በመመዝገብ ብዙዎች ምትክ ቤት እንዲያገኙ አገዙ፤ የተሰጣቸው ቤት ከሥራቸው ርቆባቸው የተቸገሩም አልጠፉም።

ኃይሉም ተለወጠ። የጥንቱ 1500 ቮልት ረጃጅም ባቡሮችን ለመሳብ ስላልበቃ መስመሮቹ ወደ 25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ተዛወሩ። ቮልቱ ከፍ ሲል ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ኮረንቲ ስለሚቀንስ ብክነቱም የማከፋፈያ ጣቢያዎቹም ቁጥር ያንሳል። ሥራው በምዕራቡ መስመር በ2012፣ በማዕከላዊው በ2015፣ በወደቡ መስመር በ2016 ተጠናቀቀ። ይህ ሁሉ የተፈጸመው የዕለቱ አገልግሎት ሳይቋረጥ ነው።

ይሁን እንጂ የመንገደኛው ቁጥር ከሁሉም ቀድሞ ይገኛል። ከ2020 በፊት በነዚህ ባቡሮች በቀን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጓዝ ነበር፤ በጭንቅ ሰዓት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ14 እስከ 16 ሰው ይቆማል። በሩ ክፍት ስለሆነ ብዙዎች ተንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ አጥርና መሸጋገሪያ ድልድይ በጎደለበት ሐዲዱን በእግር ያቋርጣሉ። በ2023 ብቻ በመስመሮቹ ላይ 2,590 ሰዎች ሞተዋል። ጁን 9 ቀን 2025 ሙምብራ አጠገብ በሚተላለፉ ሁለት ባቡሮች በር ላይ ከተንጠለጠሉት መንገደኞች ወድቀው ሰዎች ሲሞቱ፣ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ባቡር መቶኛ ዓመት ከተከበረ ገና አራት ወር አልፎት ነበር። በራሱ የሚዘጋ በር ያላቸው ባለ ማቀዝቀዣ ባቡሮች ከ2017 ጀምሮ ቢገቡም ዋጋቸው ለብዙኃኑ የሚቀመስ አይደለም።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2015፣ ከዳሬ ሰላም ሞሮጎሮ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2024 ሥራ ጀምረዋል። የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር የሚጠቀመውም ያንኑ 25,000 ቮልት ነው። ለነዚህ ከተሞች የቦምባይ መቶ ዓመት የሚነግረው ቁም ነገር አለ። ሐዲድ ዘርግቶ ሽቦ መስቀል የሥራው ጅማሬ ነው። መስመሩ የሚደርስበትን ሰፈር ሕዝብ ቀድሞ አስቦ የባቡሩን ቁጥር፣ አጥሩን፣ ድልድዩንና በሩን ያላዘጋጀ ከተማ የጎደለውን ዋጋ የሚያስከፍለው ከሁሉ ርቆ የሚኖረውንና ጎሕ ሳይቀድ ከቤቱ የሚወጣውን ሠራተኛ ነው።