በቃል ማባዛት

ያለ ወረቀትና እርሳስ፣ ቁጥርን በመበተን፣ በማጠፍና በማጋመስ ብዜትን የማግኘት ዘዴ ነው። ሕፃኑ 9 በ7ን ሲጠየቅ ከ70 ላይ 7 ይቀንሳል፤ 4 በ16ን ሲጠየቅ 16ን ሁለት ጊዜ ያጥፋል።

ዘዴው ሲስተማር ቋንቋውም ይታሰብ፤ ለምሳሌ በከምባታ ዞን፣ በአንጋጫ፣ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከፈቀደ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ በከምባትኛ ይሰጣል። ስለዚህ «እጥፍ» እና «ግማሽ» መጀመሪያ ልጁ እቤቱ በሚናገርበት ቃል ቢነገሩ ይመረጣል። የማባዣ ሰንጠረዥን በዜማ መሸምደድ ጥቅም አለው፤ ብቻውን ግን ልጁ አንዷን መስመር ሲረሳ ከመጀመሪያው እንዲቆጥር ያስገድደዋል።

የውጭ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚሉት ስልት እዚህ ላይ ይመጣል፤ የሩሲያ ገበሬዎች ዘዴም ይባላል፤ የጥንት ግብፃውያንም በማጠፍ ያባዙ ነበር። በጓሮው 17 ረድፍ እንሰት ቆሟል እንበል፤ በየረድፉ 12። 17ን አጋምሶ ትርፉን መጣል፦ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በአንጻሩ 12ን ማጠፍ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ከጎዶሎዎቹ፣ ከ17 እና ከ1፣ ትይዩ ያሉት 12 እና 192 ሲደመሩ 204 ይሆናሉ። ለጀማሪ በአእምሮ መያዙ ይከብዳል፤ ጠጠር ደርድሮ ቢጀምር ይቀለዋል።