ከባሕር ሥር ወደ ጉርድ ሾላ፦ ጠላቂ በረራውን ለምን 18 ሰዓት ይጠብቃል?

እስቲ አንድ ጉዞ እናስብ። እናንተና አንድ ጓደኛችሁ የጉርድ ሾላ ልጆች ናችሁ። ብር አጠራቅማችሁ ዛንዚባር ልትሄዱ ወስናችኋል። ዓላማችሁ አሸዋ ላይ መተኛት ብቻ አይደለም፤ የአየር ሲሊንደር ተሸክማችሁ ከባሕር ሥር ኮራልና ዓሣ ማየት ትፈልጋላችሁ። እዚያ ስትደርሱ አሰልጣኙ ስማችሁን ይመዘግባል፣ ስለ ጤናችሁ ይጠይቃል፣ ከዚያ ደግሞ «የመመለሻ በረራችሁ መቼ ነው?» ይላል።

«እሁድ ከሰዓት» ትላላችሁ።

«እንግዲያው እሁድ ጠዋት መጥለቅ የለም።»

ጓደኛችሁ መከራከሩ አይቀርም። ጠዋቱ ባዶ ነው፣ ባሕሩ እዚያው ነው፣ ለመሰናበቻ አንዴ ብቻ ብንገባ ምን ይላችኋል? ለምን እንደማይቻል ለመረዳት የድልድይ ሠራተኞችን፣ ፍየሎችንና የራሳችንን ሰፈር አየር ማወቅ አለብን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሰፈራችን አየር

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ስለለመድነው አይታወቀንም እንጂ ጉርድ ሾላ የባቡር ፌርማታ ላይ ቆመን የሚጫነን አየር፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። እዚህ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም ለዚህ ነው። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጉርድ ሾላ ላይ አጥብቃችሁ ዝጉና ዛንዚባር ስትደርሱ እዩት። ጭምድድ ብሎ ታገኙታላችሁ። የባሕር ዳርቻው አየር ነው የጨመቀው።

ውኃ ደግሞ ከአየር በጣም ይከብዳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን የአየር ግፊት 1 አትሞስፌር ብንለው፣ ወደ ውኃው በገባን ቁጥር በየ10 ሜትሩ ሌላ 1 አትሞስፌር ይጨመርብናል። 18 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ 2.8 አትሞስፌር ግፊት ውስጥ ነው። ጉርድ ሾላ ግን 0.75 ነው። ከዚያ ጥልቀት ተነስቶ ቤቱ የሚገባ ሰው ላይ ያለው ግፊት ወደ አራት እጥፍ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው።

የአምቦ ውኃ ምሥጢር

የአምቦ ውኃ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ክዳኑ ሳይነካ ጋዙ በግፊት ሟምቶ ስለተቀመጠ ውኃው ጭጭ ያለ ነው። ክዳኑ ሲላቀቅ ግፊቱ ይወርድና አረፋው ይንተከተካል።

ሰውነታችንም እንዲሁ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው። በግፊት ሥር ስንተነፍስ ይህ ጋዝ ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። ሰውነት ስለማይጠቀምበት እዚያው ይጠራቀማል። ጠላቂው ቀስ ብሎ ከወጣ ናይትሮጂኑ በሳንባ በኩል ይወጣል። ከቸኮለ ግን አረፋ ይፈጠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ከባድ ሕመም፣ አከርካሪ ላይ ሲሆን ሽባነት ያመጣል፤ ሊገድልም ይችላል።

ይህን ምልክት መጀመሪያ ያየው ሮበርት ቦይል ነው። በ1670 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ዕቃ ውስጥ የነበረች እባብ ዓይን ላይ አረፋ እንዳየ ገልጿል። ያኔ ግን በሰው ላይ ይደርሳል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ወንዝ ሥር የወረዱት

በሰው ላይ የደረሰው በምህንድስና በኩል ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዣክ ትሪዤ በ1840 አካባቢ በሎዋር ወንዝ አጠገብ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ ውኃ እንዳይገባ የታመቀ አየር ወደ ውስጥ ነፋ። ዘዴው ሠራ። ይሁን እንጂ ሠራተኞቹ ሲወጡ መገጣጠሚያቸውን ያማቸው ጀመር።

ዘዴው ወደ ድልድይ ሥራ ተሻገረ። ካይሰን የሚባል ወለል የሌለው ግዙፍ ሣጥን ወንዝ ውስጥ ይሰጥማል፣ የታመቀ አየር ውኃውን ገፍቶ ያስወጣል፣ ሠራተኞች ውስጥ ሆነው እስከ አለቱ ድረስ ይቆፍራሉ። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ጄምስ ኢድስ ያሠራው ድልድይ መሠረቱ ከ30 ሜትር በላይ ይወርዳል። በ1870 ሠራተኞች መሞት ጀመሩ። ድልድዩ በ1874 ሲከፈት የሟቾቹ ቁጥር ከ10 በላይ ነበር። የፕሮጀክቱ ሐኪም አልፎንስ ዣሚኔ ራሱ ወርዶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ወጣና ከፊል ሽባነት ደረሰበት፤ ኋላ ግን ዳነ።

ኒውዮርክ ላይ የብሩክሊን ድልድይ ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ በ1872 በዚሁ በሽታ ተመታ። ከዚያ በኋላ ከቤቱ ሆኖ ሲመራ፣ መመሪያውን ለሠራተኞቹ የምታደርሰው ባለቤቱ ኤምሊ ነበረች። ድልድዩ በ1883 ተከፈተ። ምህንድስና የምንማር ሰዎች ስለ እነዚህ ድልድዮች ብረት ብዙ እንሰማለን። ሣጥኑ ውስጥ ስለቆፈሩት የቀን ሠራተኞች የምንሰማው ግን ትንሽ ነው።

ፍየሎቹ

ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 ባሳተመው ትልቅ ሥራ ጥፋተኛው የናይትሮጂን አረፋ መሆኑን አሳየ። «ቀስ ብላችሁ ውጡ» ማለት ግን አይበቃም። ምን ያህል ቀስ?

ለዚህ መልስ የሰጠው ጆን ስኮት ሃልዴን ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ስለ ጠላቂዎቹ አሳስቦት ስለነበር፣ ሃልዴንና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ በብረት ክፍል ፍየሎችን እያስገቡ ግፊቱን ከፍና ዝቅ አደረጉ። የታመመች ፍየል እግሯን አንስታ ስለምትቆም ምልክቱ በዓይን ይታያል። በ1908 የታተመው ግኝታቸው ይህ ነው፦ ወሳኙ የግፊቱ ልዩነት ሳይሆን ሬሾው ነው። ከ4 ወደ 2 አትሞስፌር መውጣትና ከ2 ወደ 1 መውጣት አደጋቸው ተቀራራቢ ነው። እጥፍ ድረስ ሰውነት ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን እያረፉ መውጣት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እሁድ ጠዋት እንምጣ። ከጠለቃችሁ በኋላ ሥጋችሁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ለምሳሌ ያህል ከ1.6 አትሞስፌር ጋር የሚመጣጠን ነው እንበል። ባሕር ዳርቻ ላይ ሬሾው 1.6 ስለሆነ ምንም አይሰማችሁም። 0.75 ላይ ስትደርሱ ግን 1.6ን ለ0.75 አካፍሉት፤ 2.1 ይመጣል። የሃልዴንን ወሰን አለፋችሁ። የዛሬዎቹ ሰንጠረዦች ከሃልዴን የበለጠ ጥንቃቄ ያደርጋሉ፤ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው።

ዳህላክ፣ ምፅዋ፣ አስመራ

መጥለቅ የመዝናኛ ሥራ የሆነው በ1943 ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን የአየር መቆጣጠሪያውን ከሠሩ ወዲህ ነው። ጋኛን ሐሳቡን የወሰደው ነዳጅ በጠፋበት የጦርነት ዘመን ለመኪና ጋዝ ከሚመጥን መሣሪያ ነው። ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ሲሊንደሩ እኛ አካባቢ ደረሰ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደች ሰሞን፣ በ1952 እና 1953፣ የጣልያን ጠላቂዎች ቡድን ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጥቶ ከባሕር ሥር ፊልም ቀረጸ። በ1962 ደግሞ የእስራኤል የባሕር ተመራማሪዎች እዚያው መጡ።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1911 አስመራ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ከምፅዋ ተነስቶ በ118 ኪሎ ሜትር ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ዳህላክ ጠልቆ በዚያው ቀን ምፅዋ የተሳፈረ ሰው፣ አስመራ ሲደርስ የሚያገኘው የጉርድ ሾላን ዓይነት አየር ነው። አውሮፕላን ሳይኖር፣ በባቡር ብቻ! አውሮፕላን ያመጣው አዲስ ነገር ፍጥነቱን ነው።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ

የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው ዓይነት እንዲሆን ይደረጋል። በ2002 የጠላቂዎች ሕክምና ባለሙያዎች ተሰብስበው ዛሬ የሚሠራበትን ምክር አወጡ። አንዴ ብቻ፣ ያለ ማረፊያ መውጣት በሚቻልበት ልክ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት ይጠብቅ። ደጋግሞ ወይም ለበርካታ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ። እያረፉ መውጣት የሚጠይቅ ጥልቀት የገባ ደግሞ ከዚያም በላይ።

እኛን የሚለየን ነገር አለ። ለዳሬሰላም ሰው አውሮፕላኑ ሲያርፍ የአየሩ ግፊት ተመልሶ ይጨምራል። ለእናንተ አይጨምርም። ቦሌ ስትወርዱ አየሩ ካቢኑ ውስጥ እንደነበረው ስስ ነው፤ እዚያው አየር ውስጥ እራት ትበላላችሁ፣ ትተኛላችሁ፣ በማግስቱ ሥራ ትገባላችሁ። ለአዲስ አበባ ሰው 18 ሰዓቱ ትንሹ ነው፤ 24 ቢያደርገው ምንም አይጎዳም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በረራችሁ እሁድ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ 18 ሰዓት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ይሆናል። ቅዳሜ እስከ ቀትር ጠልቃችሁ ጨርሱ። የእሁዱን ጠዋት ለስቶን ታውን ስጡት፤ ጠባብ መንገዶቿና የተቀረጹ የእንጨት በሮቿ በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ሲጠልቁ ሁሌም ጥንድ ሆኖ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ይህ ሥራ ከውኃ ስትወጡ አያበቃም። ጓደኛችሁ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ትከሻውን ወይም ጉልበቱን ካመመው፣ እግሩ ከደነዘዘ ወይም ካዞረው «ድካም ነው፣ ቤት ስገባ ይሻለኛል» እንዲላችሁ አትፍቀዱለት። ቤት ሲገባ የበለጠ ይብስበታል። ቲኬቱ ይቃጠል፤ አሰልጣኙን ጥሩት፣ ኦክስጅን ይሰጠው፣ ሐኪም ይየው።