ከድሬሰር እስከ ጤና ኤክስቴንሽን



የታላላቅ ሐኪሞችና የታላላቅ ሆስፒታሎች ታሪክ በየጊዜው ይነገራል። ነገር ግን ከሁሉ በታች ባለችው በመጀመሪያይቱ ደጃፍ ገብቶ፣ ጥቂት ወራት ወይም አንድ ዓመት ተምሮ፣ መጠነኛ ወረቀት ተቀብሎ ወደ ገጠር የወረደው የጤና ሠራተኛ ታሪክ በወጉ አልተነገረም። እኔም ሙሉውን ለመናገር አልነሣም። አሳቤ የዚህ አነስተኛ ሥልጠና ደንብ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለዋወጠ፣ መለዋወጡም ማንን እንዳቀረበና ማንን እንዳራቀ መመርመር ነው።

ነገሩን በስፍራው ቆመን እናየው ዘንድ ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ እንሂድ። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ዳባትን አልፎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ከደባርቅ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ አገሩ ደጋ ነው። ከደባርቅ ትንሽ እልፍ ሲል ግን ምድሪቱ ከእግሩ ሥር ትከዳዋለች፤ የሊማሊሞ ገደል ይጀምራል። ኢጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን በገደሉ ወገብ ላይ እያጣመሙ የቀደዱት መንገድ እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ በድብ ባሕርና በዛሪማ አልፎ አዲ አርቃይ ይገባል። መንገደኛው በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ከገብስ አገር ወደ ማሽላ አገር፣ ከጉንፋን አገር ወደ ወባ አገር ተሻገረ ማለት ነው። ከዋናው መንገድ ርቆ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ሐኪም የምትደርሰው በቃሬዛ፣ በጎረቤቶቿ ትከሻ ነው። ለእንደዚህ ያለው ቀበሌ በጎንደር ከተማ ስንት የተመሰገነ ሐኪም አለ ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረባም፤ በቅርብ ማን አለ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

በቅርብ የተገኘው ፊተኛው ሠራተኛ ድሬሰር ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ የመጣ ሆኖ ቁስል አጥቦ የሚያስር ማለት ነው፤ ሥራው ግን ከስሙ እጅግ የሰፋ ነበረ። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ መንግሥት ሆስፒታሎችንና ክሊኒኮችን እንደገና ሲያደራጅ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ከውጭ አገር የመጡትም አብዛኞቹ ከከተማ አይርቁም ነበር። ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ ጥቂት ክፍል የተማሩ ወጣቶች በየሆስፒታሉና በየሚሲዮኑ ተመለመሉ። ከሐኪሙ ጎን ቆመው እያዩ መርፌ መቀቀልን፣ ቁስል ማሰርን፣ ኪኒን መስጠትን ለመዱ። የድሬሰሩ ትምህርት ቤት በእውነቱ የበሽተኛው አልጋ ነበረ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ወደ ወረዳ ሲላክ ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነበረ። መርማሪም፣ መድኃኒት ቀማሚም፣ ዘበኛም እሱ ነው። ሕዝቡ ሐኪም ብሎ ጠራው፤ እሱም አልተቃወመም፤ ማንስ ይቃወማል? በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ግን፣ ከፍ ያለ ድሬሰር እስከ መባል ካልሆነ በቀር፣ ወደ ላይ የሚወጣበት ደረጃ አልነበረውም። ደጃፉ ዝቅተኛ ስለ ነበረ የገበሬ ልጅ ሊገባበት ችሏል፤ ከገባ በኋላ ግን ቤቱ ባለ አንድ ክፍል ሆኖ አገኘው።

በዚህ መካከል በጎንደር አጠገብ በደምቢያ ሜዳ፣ በ1945ና በ1946 ዓ.ም. ገደማ፣ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። በከተማ ያለ ሐኪም ለእንዲህ ያለው መዓት እንደማይደርስ በግልጥ ታየ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካው ፖይንት ፎር ረዱት። የኮሌጁ አሳብ ለጊዜው እጅግ አዲስ ነበረ። አንድ ጤና መኮንን፣ አንዲት የማኅበረሰብ ነርስና አንድ ሳኒታሪያን በአንድነት ተምረው፣ በአንድነት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይላካሉ፤ ዋና ሥራቸውም ከማከም ይልቅ በሽታው እንዳይመጣ መከላከል ይሆናል። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ይጠርጋል፣ መጸዳጃ ያስቈፍራል፤ ነርሷ ወላዶችንና ሕፃናትን በየቤቱ ትጐበኛለች፤ ጤና መኮንኑም ሁሉን ያስተባብራል።

አሳቡ ትክክል መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ዓመት አላስፈለገም። በ1951 ዓ.ም. መባቻ፣ ዝናሙ ባልተለመደ ሁኔታ በበዛበት ወራት፣ ወባ ከቆላ ወጥቶ ወደ ወይና ደጋው ዘለቀ። በዚያ አንድ ወቅት በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። አድማጮቼ ይህን ቍጥር በዝግታ እንዲያስቡት እለምናለሁ። ለወባ የሚሆነው ኪኒን በዚያን ጊዜ የታወቀ ነበረ፤ የጐደለው ኪኒኑን ይዞ ከቀበሌ የሚደርስ ሰው ነው።

ጎንደር የጀመረው ሥራ ግን ከጊዜ በኋላ ወደ ላይ መውጣቱ አልቀረም። በ1953 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ሲቋቋም ኮሌጁ ከእርሱ ጋር ተያያዘ፤ ጤና መኮንኑም ባለ ዲግሪ ሆነ። ዲግሪ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ዲግሪ ያለው ሰው ሌላ ደጃፍ ይከፈትለታል። ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ያለፉ፣ ወደ ከተማ የተዛወሩ ጤና መኮንኖች ብዙዎች ናቸው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋርጦ ጎንደር የሐኪሞች ማስተማሪያ ሆነ፤ የተቋረጠው ሥልጠና እንደገና የተጀመረው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነው። ለገጠር የተከፈተው ቤት ፎቅ በፎቅ ላይ ሲሠራ፣ የምድር ቤቱ ደጃፍ ሳይታሰብ ተዘጋ ማለት ይቻላል።

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። በሩሲያ አገር ባለፈው መቶ ዓመት በፊት ፈልድሸር የሚባል አነስተኛ ሐኪም በየገጠሩ ተሰማርቶ ነበረ። የዩኒቨርስቲ ሐኪሞች ያልተማረ ሰው ሕዝቡን ይገድላል እያሉ ይከሱት ነበር፤ ገበሬው ግን ሐኪሙን አይቶት አያውቅም፤ የሚያውቀው ፈልድሸሩን ነው። በቻይናም ባዶ እግር ሐኪሞች የተባሉት ገበሬዎች ጥቂት ወራት ተምረው ወደየመንደራቸው ተመለሱ። የዓለም መንግሥታት በአልማ አታ ተሰብስበው በመስከረም 1971 ዓ.ም. የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጥበቃን ባወጁ ጊዜ፣ በልባቸው ከነበሩት ምሳሌዎች አንዱ ይኸው የቻይናው ነው።

የእኛም መንግሥት ከዚያ በኋላ የኅብረተሰብ ጤና ወኪል የሚባለውን አሠለጠነ። በገበሬ ማኅበሩ የተመረጠ ሰው ሦስት ወር ያህል ተምሮ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ የልምድ አዋላጆችም አጠር ያለ ሥልጠና ተሰጣቸው። በመንግሥት ጤና ኬላዎችም ከድሬሰሩ የበለጠ ትምህርት ያለው ጤና ረዳት ተመደበ። ከእነዚህ ሁሉ ደጃፎች እጅግ ዝቅተኛው የወኪሉ ነበረ፤ ገበሬው ራሱ በሞፈሩ መካከል ሊገባበት ይችላል። ችግሩ ደመወዝ አለመኖሩ ነው። ማኅበሩ ይረዳዋል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ የሚያርስ ሰው ግን የበሽተኛ ቤት ሲዞር ውሎ ማታ ምን ይበላል? የብዙዎቹ ወኪሎች ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቀዘቀዘው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ነጻ አገልግሎትን በድኻው ትከሻ ላይ መጫን ለዕቅድ አውጪው ቀላል፣ ለተሸካሚው ግን ከባድ ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንመጣለን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጠቃላይ ትምህርትን በ10ኛ ክፍል አቆመው፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ መንገድ ወደ መሰናዶና ወደ ዩኒቨርስቲ፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ያመራል። በ1994 ዓ.ም. ገደማ 10 ሲደመር 1፣ 10 ሲደመር 2፣ 10 ሲደመር 3 የሚባለው ሥልጠና በሰፊው ተጀመረ። በዚህም መሠረት ላይ ነው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. የተመሠረተው።

የመግቢያው ደንብ በአጭሩ ይህ ነበረ፤ ሴት ትሁን፣ ዕድሜዋ 18 ዓመት ይሙላ፣ 10ኛ ክፍል ትጨርስ፣ ከዚያው ከምታገለግለው ሕዝብ መካከል የወጣችና ቋንቋውን የምትናገር ትሁን። አንድ ዓመት ትማራለች፤ ከትምህርቱ ጊዜ 30 ከመቶው በክፍል፣ 70 ከመቶው በተግባር ነው። ከዚያ 5,000 ያህል ሕዝብ ወዳለበት ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ፤ 16 የጤና ፓኬጆችን ያስተምራሉ፤ ደመወዛቸውንም ከመንግሥት ይቀበላሉ። ከ30,000 በላይ ሠራተኞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሰማሩ። በእኔ ፍርድ፣ ከድሬሰሩ ዘመን ወዲህ ከወጡት የሥልጠና ደንቦች ሁሉ ይህ በማስተዋል የተጻፈው ነው። የድሬሰሩን ዝቅተኛ ደጃፍ፣ የጎንደርን መከላከል፣ የወኪሉን የአገር ልጅነት አንድ ላይ አድርጎ፣ ወኪሉ ያጣውን ደመወዝ ጨመረበት።

እንከን አልነበረበትም ማለት ግን አይደለም። ሠራተኛይቱ ስትጀምር መድኃኒት ጨርሶ የማትሰጥ ያህል ሆና ነበር፤ ገበሬውም ምክር ብቻ ይዛ የመጣችውን ሴት በትዕግሥት ቢያዳምጥም፣ ልጁ ሲታመምበት ወደ ሌላ ይሄድ ነበር። ቆይቶ በወባ፣ ከዚያም በሕፃናት የሳንባ ምች ላይ እንድታክም ተፈቀደላት፤ በክንድ የሚቀበር የወሊድ መከላከያም ማስገባት ተማረች። ሥራው ሲሰፋ ወረቀቱም መለወጥ ነበረበት። የ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ 10 ሲደመር 1 የሚለውን አስቀርቶ፣ ከደረጃ አንድ እስከ ደረጃ አምስት የሚቈጠር መሰላል አቆመ፤ የሠለጠነውም ሰው ካስተማረው ተቋም ውጭ ባለ መዛኝ ዘንድ ቀርቦ የብቃት ምዘና እንዲያልፍ ታዘዘ። ጤና ኤክስቴንሽኗ በደረጃ ሦስት ላይ ተሰለፈች፤ ብዙዎቹም ተመልሰው ተምረው ደረጃ አራት ያዙ።

ደረጃ አራትን ያገኘች ሴት ቀጥሎ ወዴት? የመሥሪያ ቤቱ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ የዝውውርና የጥቅም ጥያቄ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ዐሥር ዓመት በአንድ ቀበሌ የሠራች፣ ባል አግብታ ባሏ በሌላ ወረዳ ያለባት ሴት፣ ዝውውርም ዕድገትም ካጣች ትወጣለች። ስትወጣም የሕዝቡን ቤት ሁሉ የምታውቅ ሰው ወጣች ማለት ነው። የድሬሰሩ ባለ አንድ ክፍል ቤት በሌላ ስም ተመለሰ።

በሰሜን ግርጌ ደግሞ ሌላ መከራ ተጨመረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በአዲ አርቃይ በኩል ገብቶ እስከ ዳባት ዙሪያ ደረሰ፤ በአማራ ክልል ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ተዘረፉ፣ ፈረሱም። የፈረሰን ኬላ በድንጋይና በቆርቆሮ መሥራት ይቻላል፤ በኬላው ውስጥ የምትቀመጠውን ለማግኘት ግን እንደገና ወደ ሥልጠናው ደጃፍ መመለስ ያስፈልጋል።

ያም ደጃፍ በዚሁ ዘመን ተነሥቶ ሌላ ስፍራ ቆመ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀረ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትም ከ9ኛ እስከ 12ኛ አንድ ሆነ። አጫጭሮቹ ሥልጠናዎች ሳይቈጠሩ፣ የመደበኛው የሙያ ሥልጠና መግቢያ ከ10ኛ ወደ 12ኛ ክፍል ተሻገረ። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም የቴክኒክና ሙያው ሥራ ወደ እርሱ ዞረ። ለለውጡ በቂ ምክንያት አለ፤ የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ፈተና ዕጣው ተቈርጦ እንዳይቀር ማሰብ ተገቢ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ትምህርት ያላት ሠራተኛም የመድኃኒቱን መጠን በተሻለ ታሰላለች። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙም ከ2012 እስከ 2027 ዓ.ም. የሚዘልቅ አዲስ ፍኖተ ካርታ ወጥቶለታል፤ ኬላዎቹ በከፊል ከፍ ብለው ነርስና አዋላጅ እንዲጨመርባቸው ያስባል።

ሁለቱን ዓመት ግን በጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ ሳይሆን በአዲ አርቃይ መንገድ ላይ እንቍጠራቸው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በወረዳው ከተማ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ልጅ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትቀመጣለች፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቷ በእግሯ ሄዳ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ቀድሞ ለጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠና ለመብቃት ይህን ስንቅ የምትሸከመው ለሁለት ዓመት ነበር። አሁን ለአራት ዓመት ነው፤ በሦስተኛውም ዓመት ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ወደ አባቷ ቤት ይላካል።